መሃል ወይስ ዳር

ይምጡ እትዬ ኧርሊን፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ። ቆይ ቆይ፣ የወንበሩ ብረት ያቃጥላል፤ የሩቢን ብርድ ልብስ አጥፌ ላንጥፍልዎት። ግድ የለም፣ ሕፃኗ ጭኔ ላይ ናት፣ ተኝታለች። ገና በሚያዝያ እንዲህ ካቃጠለን ነሐሴ ላይ ምን ልንሆን ነው? ለውዝ ይብሉ፣ ቅቅል ነው፣ ጨው በዝቶበታል መሰለኝ። ታይሪ እንዴት ነው? ቅድም ሲያሟሙቅ አይቼዋለሁ። ከሲታ… ማለቴ ቀጠን ያለ፣ ደስ የሚል ልጅ። እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም እኮ!

የእኔው ባል ያውና፣ መሃል ላይ ጎንበስ ያለው። ሰፊው። ኮርዴል ከየትም ሆነው ቢያዩት ጀርባው ነው የሚታየው። ዛሬ እንግዲህ የኮሌጁ ልጆች ለሁለት ተከፍለው እርስ በርሳቸው ነው የሚጫወቱት፣ ቀለል ያለ ነገር ነው ይላሉ። አሰልጣኙ ግን የነጥብ ደብተሩን ሳይሆን ተጫዋቹን እያየ ነው የሚውለው። ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል… ቀለል ያለ ነገር ነው።

አባባ! ጸሐዩ አልበዛብዎትም? ሁለቱ ትራሶች ተመቹዎት? የበረዶ ሳጥንዎን ወደ ጥላው ልግፋልዎት? እሺ፣ እሺ፣ አልነካውም።

የባሌ አባት ናቸው፣ ያውቋቸው የለ። ሁልጊዜ ከፊታችን ያለው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ደረጃው ለጉልበታቸው እንዳይበዛ። ጆሯቸው ግን ተመስገን ነው፣ የወጣት ነው።

እና ምን ልልዎት ነበር… አዎ፣ አንድ የማውቃቸው ሰውዬ አሉ። እርስዎ አያውቋቸውም። የሌላ ከተማ ሰው ናቸው እንበል። እዚያ ከተማም ኮሌጅ አለ፣ ኮሌጁም እንደኛው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አለው፣ ሰውየውም በዘመናቸው ከፊት መስመር መሃል ላይ ቆመው ተጫውተዋል። አራት ሆነው ሲቆሙ ጸሐይ ይጋርዱ ነበር ይባላል። ማን ነው የሚለው? እሳቸው ናቸዋ። የአራቱ ፎቶ በወርቅማ ፍሬም ሆኖ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። የልጃቸው የሰርግ ፎቶ ደግሞ ማብሰያ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው ጎን አለ። እሱም ያምራል፣ ትንሽ ዘይት ነክቶት ነው እንጂ።

ልጃቸውን ሲወዱት! እንዲህ ልጁን የሚወድ አባት ከየት ይገኛል? ልጁ ኮሌጅ ሲገባ እንደ ታይሪ ነበር፣ ይመኑኝ። ከዳር ይነሳና፣ ያ የሚከለክለው ጎረምሳ ገና እጁን ሳይዘረጋ በጎኑ ሾልኮ ኳስ የሚወረውረው ልጅ ላይ ይደርስ ነበር። ሚስቱም ያኔ አይታው ነው የወደደችው አሉ። እኔ እንጃ፣ ሰው ነው ያለው።

አባትየው ግን አዘኑ። «ይሄ ሩጫ እንጂ ጨዋታ ነው?» አሉ። «የእኔ ልጅ እንደ ምግብ ቤት አስተናጋጅ በሰው ጎን አይሾልክም። ወንድ በደረቱ ነው የሚያልፈው።» ማን ይከራከራቸዋል? እሳቸው በደረታቸው አልፈው ይኸው የት እንደደረሱ ይታያል አይደል? ሁለት ትራስ ላይ…

ምን አልኩ? አንድ ትራስ ማለቴ ነው። የዚያ ሰውዬ አንድ ነው።

እና በምግብ ጀመሩ። የአሳማ ጎድን በጭስ ሲያበስሉ፣ እግዜር ያሳይዎት፣ እጃቸው ይባረክ፣ አጥንቱ በራሱ ነው የሚላቀቀው። በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘው በር ያንኳኳሉ። ሚስትየው ከፍታ «አሁን ገና ከገበታ ተነሳ» ትላቸዋለች። «ይሄ እራት አይደለም ልጄ፣ ሥራ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን እሷ የሠራችውን ሰላጣ አይተው «ለጥንቸሏ አስቀምጪላት» አሏት። ጥንቸል የላቸውም። ቀልደኛ ሰው ናቸው፣ አልነገርኩዎትም?

ትሪው ባዶ እስኪሆን ቆመው ነው የሚያዩት። በዚያ ጉልበታቸው! ልጁ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲገፋው ንቅንቅ አይልም፤ እሳቸውን ግን «ጠግቤያለሁ» ማለት አቃተው። ምን ይደረግ፣ ሰው አክባሪ አድርገው ነው ያሳደጉት።

ሞላ። እንደተመኙት ሆነ። ክብደቱ ሦስት መቶ ፓውንድ ያለፈ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስተው መሰከሩ፣ እንደ ዳነ ሰው! ጉባኤውም «አሜን» አለ። ሚስቱም አብራ አለች፣ ከጉባኤው ተለይታ ዝም ልትል ነው?

አሁን ማንም አይገፋውም። በእውነት ነው የምልዎት፣ ትራክተር አይገፋውም። ትንሽ ያስቸገረው… ችግር እንኳ አይባልም… እሱ የሚገፋው ሰው ጠፋ። የዘንድሮ ልጆች ኳሱን እጃቸው ላይ አያሳድሩትም። ተቀበሉ፣ ወረወሩ። እሱ ገና ቀና ሲል ኳሱ ሌላ ሰፈር ገብቷል። ግድግዳው ግን ቆሟል፣ እንደተሠራ። ማን ነው ግድግዳውን የሚወቅስ?

ኧረ! ኧረ አዩት? አዩት ታይሪን? እንዴት ብሎ ነው የገባው? ያጨብጭቡ እንጂ እትዬ፣ ልጅዎ ነው! አባባ፣ አዩልኝ? ምን አሉ?

…ሸምበቆ አሉት። ከፍቅር ነው፣ እንዳይቀየሙ። እኔን የገረመኝ ሸምበቆ ያን የመሰለ ጎረምሳ እንዴት መሬት ላይ እንደሚያስቀምጥ ነው።

የእኔውስ? ያውና ቆሟል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አዩት? ይተነፍሳል። እኔ እሱን ማየት ለምጄ ነው።

የዚያ ሰውዬ ልጅም እንዲሁ ነው አሉ። ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ሕፃን አላቸው እኮ። እናት ሆነው ያውቁታል፣ ሰው አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጠው ሕፃኑን አይደል? ያቺ ሚስቱ ግን ሕፃኗን አልፋ ባሏን ነው የምታዳምጠው። ጸጥ ሲል በክርኗ ትጎስመዋለች። እንቅልፍ የላትም፣ ፊቷን ቢያዩት… ልክ የእኔን ይመስላል።

ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሙ «ይሄ ልብህን ይጎዳል፣ ቀንስ» አለው። አባትየው ሰሙና «እሱ ራሱ ቀጭን ነው፣ ስለ ትልቅ ሰው ምን ያውቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐኪሙ ቀጭን ነው።

እንግዲህ አሁን የምነግርዎትን ለማንም እንዳይናገሩብኝ። ይሄን አባትየው አልሰሙም፤ ልጁ እስካሁን ሊነግራቸው ፈርቶ ነው። ድምፄን ዝቅ ላደርግ ነበር፣ ይሄ ማርሽ ባንድ መች ያሰማል? ጮክ ልበል መሰለኝ።

በዚህ ሳምንት አሰልጣኙ ቢሮ ጠራው። «መሃል ላይ አንተን አልፈልግህም፣ ካንተ የሚከብድ አምጥቻለሁ» አለው። «የድሮ እግርህን ይዘህ ነሐሴ ላይ ከመጣህልኝ ግን ዳሩ ያንተ ነው። ይሄንኑ ሆነህ ከመጣህ ሌላ ኮሌጅ ፈልግ።» ሰሙልኝ? የድሮ እግርህን አለው! ሐኪሙም ቀንስ፣ አሰልጣኙም ቀንስ። እንዲህ ያለ ዕድል ይገኛል?

ልጁ እየሳቀ ቤቱ ገባ። ሚስቱን ብድግ አደረጋት፣ ሕፃኗንም ብድግ። «ዳር ልመለስ ነው» አላት። ገና አላስቀመጣትም፣ በሩ ተንኳኳ።

ትሪው ነው።

በላ። ምን ይበል? አፉን ከፍቶ ሊነግራቸው ሲል ጎድኑን ያቀርቡለታል፤ በተከፈተው አፍ በላ። አለቀሰ አልልም፣ ትልቅ ሰው ነው። ሚስቱ ግን ያን ጊዜ ሕፃኗን ይዛ ሌላ ክፍል ገባች። ሰውየው ሲወጡ እሷ ወዳለችበት ብቅ ብለው የሕፃኗን የእጅ አንጓ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው «ይቺስ ቀጥናለች፣ ምን ምግብ እያበላሻት ነው?» አሏት። አሳቢ ናቸው። ማንንም አይረሱም።

እኔ ግን ከሁሉ የማደንቅላቸው ምኑን መሰለዎት? ለጓደኛ ያላቸውን ነገር። ከፎቶው አራት ሰዎች ዛሬ እሳቸው ብቻ ናቸው ያሉት። ሮስኮ የሚሉት ቀድሞ ሄደ፣ ገና ጸጉሩ ሳይሸብት፣ ልቡ ነው አሉ። ከዚያ ሌላኛው፣ እሱም ልቡ። የመጨረሻው ተኝቶ ሳለ፣ ሚስቱ አጠገቡ ሆና። ሬሳ ሳጥናቸውን ከፊት ሆነው የተሸከሙት እሳቸው ናቸው፣ የሦስቱንም። ጉልበቴ ሳይሉ! ሲያወሩት መስማት ነው። «ለሮስኮ ሳጥኑ በልክ ታዘዘ፣ ስድስት ሰው አልበቃው ብሎ አሥር ሆንን፣ የተራ ሰው ቀብር መሰላችሁ?» ይላሉ። ገበታ ላይ ነው የሚያወሩት፣ ልጁ እየበላ። ሚስቱም ትስቃለች። ሽማግሌ ሲያወራ አይሳቅም እንዴ?

እኔማ «ምናለ አንድ ቀን ያን ፎቶ ቀና ብለው ቢያዩት» እላለሁ። ግን እኔ ምን አገባኝ? የማላውቀው ሰው ቤት።

አለቀ እንዴ? አለቀ። ያውና የእኔው፣ የራስ ቁሩን አውልቆ እየመጣ ነው። አቤት ላቡ። ፈገግ ለማለት እየሞከረ ነው አይደል? ታይሪ ትከሻውን ይዞታል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጓደኛውን ቀስ ብሎ ነው የሚያስኬደው።

አባባ፣ ትሪውን ከበረዶ ሳጥኑ አወጡት እንዴ? አይ፣ እኔ ምን እላለሁ፣ ይያዙት… ምነው፣ ከበደዎት እንዴ? ጸሐዩ ነው። እኔ ልያዝልዎት? ፊትዎን ለምን አዞሩብኝ? የሌላ ከተማ ሰው እኮ ነው የማወራው፣ አባባ።

ይነሱ እትዬ ኧርሊን፣ እጄን ይያዙ። ሳንለያይ ግን ያን ደግ ሰው እንመርቃቸው፣ ሰው ካሙ በኋላ መመረቅ ነው… ማለቴ ሰው ካደነቁ በኋላ። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ከልጅ ልጅ ያድርሳቸው። ጉልበታቸው ቢደክምም ትከሻቸውን ያጽናላቸው፤ ጓደኞቻቸውን አንዱንም ሳይጥሉ መቃብር አድርሰዋል። አሁን የቀራቸው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ አባባ።