ሰባተኛው መንገድ

ሐጂ ማህፉዝ ያን ጨዋታ የሰሙት ከሃያ ዓመት በፊት በስፋክስ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከፊታቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሊሠራ ስለታሰበው የከተማ ባቡር ያወሩ ነበር። አንደኛዋ፣ «ለኛ ሰፈር በሦስተኛው ምዕራፍ ነው አሉ» አለች። ጓደኛዋ የመለሰችላት ነገር ግማሹ በሞተሩ ጩኸት ተውጦ ቀረ፤ «ተራ ያለው ሰው እኮ...» የሚል ነበረበት። ፊቷንም ድምፅዋንም ረስተውታል። ያልረሱት፣ ያን ዕለት «ሦስተኛ ምዕራፍ» ሲባሉ ባመኑት በሴቶቹ ሞኝነት መሳቃቸውን ነው።

በሳምንቱ ሐጂ አቤቱታ ጻፉ።

በስፋክስ ሰው ከስሙ በፊት የሚጠየቀው መንገዱ ነው። ሰባቱ መንገዶች ከአሮጌው ግንብ በር ተነሥተው ወደየወይራው እርሻ ይዘረጋሉ፤ አንዱን ከአንዱ የሚያገናኝ ግን የለም። ጎረቤት መንገድ ለመሄድ እስከ በሩ ገብቶ እንደገና መውጣት ግድ ነው። ባቡሩ ሆስፒታሉ ባለበት በማህዲያ መንገድ ይጀመር ሲባል፣ እንደ ዛሬው ያኔም የጋብስ መንገድ ተጠሪ የነበሩት ሐጂ ማህፉዝ ተቆጡ። የሌሎቹን መንገዶች ተጠሪዎች አስተባብረው «ወይ ለሰባቱም በአንድ ጊዜ፣ ወይ ለማንም አይሁን» የሚል ወረቀት አስፈረሙ። የባቡሩ ሥራ አበዳሪዎች ሁለት ዓመት ጠበቁና ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ከሁለቱ ልመና አንዱ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ለማንም አልሆነም።

እነሆ አንድ ሰኞ ማለዳ ሐጂ በጋብስ መንገድ ኪሎ ሰባት ፌርማታ ላይ ሉብናን አገኟት። የጎረቤታቸው የበሺር ልጅ ናት፤ ተምራ በክፍለ ሀገሩ የባቡር ዕቅድ ክፍል ትሠራለች። አንድ አቃፊ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አጎቴ። እርስዎ ዘንድ ልመጣ ስል አላህ እዚሁ አገናኘን።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ያቀፍሽው ሕፃን ነው ወይስ ወረቀት?»

«ወረቀት ነው፤ የባቡሩ አዲስ ስምምነት። ስድስቱ መንገዶች ፈርመውበታል።»

«የቀረሁት እኔ ነኝ በይኛ።»

«አዎ። እስከ ሐሙስ ካልፈረሙ አዲሱም ብድር ይሰረዛል። አበዳሪዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ተራችሁን ተስማምታችሁ አምጡ።»

«ተራውስ እንዴት ሆነ?»

ሉብና ጫማዋን አየች። «የማህዲያ መንገድ አንደኛ። የጋብስ መንገድ... መጨረሻ።»

«ስሚ ልጄ፤ የማህዲያ መንገድ ሰዎች ከአባቶቻችን ጀምሮ ዓሣውን በልተው እሾሁን ለኛ የሚልኩ ናቸው። አሁን ደግሞ ባቡሩን እነሱ ተሳፍረው ጢሱን ሊልኩልን?»

«በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ጢስ የለውም።»

«ይኸው! ጢሱም አይደርሰንም!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ይህን ‹በኋላ› የምትሉትን ምዕራፍ አውቀዋለሁ» አሉ። «የኪሎ ዘጠኙ ገበያ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቁ ‹በኋላ› ተብሎ ብረቱ ይኸው እስከ ዛሬ ሰማይ ይወጋል። በኋላ ማለት የለም ማለት ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ሉብና፤ ሐጂ ይህን አልጠበቁም ነበር። «እኔም የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አሰርነው። ሐዲድ ባለፈበት ሁሉ የመሬት ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው የጨመረለት ሰው ከትርፉ ጥቂቱን በአሥር ዓመት ይከፍላል። ያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ማንም አይነካውም። የጋብስ መንገድ ሰው ሐዲዱ ደጁ እስኪደርስ አንዲት ዲናር አያወጣም። የሚጠበቅበት መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቤት አለመሥራት ነው።»

«ታዲያ ለምን ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አይደርስም? ለየመንገዱ ሁለት ሁለት ኪሎ! ማንም አይከፋ፣ ማንም አይኮራ!»

«አጎቴ፣ ወይራዎን በምን ያህል አራርቀው ነው የተከሉት?»

«ወይራ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ይንገሩኝማ።»

«ሃያ አራት ሜትር። አባቴም አያቴም እንደዚያው። በዚህ አገር ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ አጠጋግቶ የተከለ ሁሉንም...» ቃሉ አፋቸው ላይ ቆመ።

«ሁሉንም ምን?»

«ያደርቃል» አሉ በዝግታ።

«አያትዎ ያን ሁሉ መሬት በአንድ ዓመት ነው የሸፈኑት?»

«የት ተገኝቶ! አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። የፊተኛው ዘይት የኋለኛውን ችግኝ እየገዛ። የመጨረሻውን ረድፍ ፍሬ ሳያይ ነው የሞተው።»

ሉብና አቃፊውን ወደ ሌላ እጇ አዞረች። ሰው በገዛ ራሱ አንደበት ሲረታ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። አላህ ለእያንዳንዳችን ጥበብን በእጃችን ሥራ ውስጥ አስቀምጦልናል፤ እኛ ግን ወደ ስብሰባ ስንገባ ከጫማችን ጋር ደጅ ጥለነው እንገባለን።

አውቶቡሱ መጣ። በር ላይ ሰው ተንጠልጥሎበታል። ሾፌሩ ሳይቆም በእጁ ወደ ኋላ ጠቆመ፤ ሌላ አለ ማለቱ ነው። ከኋላው ያለው ግን አቧራ ብቻ ነበር።

«የአህያ ልጅ!» ብለው ጮሁ ሐጂ። «አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት አይታዩትም?»

«እኔና እማማ መብሩካንም እንዲሁ ነበር የሚያልፈን» አለች ሉብና።

የሐጂ ክንድ እንደ ተነሣ ቀረ። መብሩካ ባለቤታቸው ነበረች፤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ይህን ላነሣብዎ አልፈለግሁም» አለች ልጅቷ። «እማማ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሲሄዱ እኔ ወደ ትምህርት ቤት አብሬያቸው እሄድ ነበር። እስከ ግንቡ በር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ ጠብቆ በማህዲያ መንገድ። ለመሄድ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ለመመለስም ያው። ሲመለሱ እግራቸው ስለማይችል እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር ወደ ቤት የሚገቡት።»

«እኔ... የዘይት መጭመቂያው ላይ ነበርኩ። ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ለማህፉዝ እንዳትነግሪው፤ ያን ወረቀት የጻፈው ለሰፈሩ አስቦ ነው፤ ካወቀ ይሰበራል› አሉኝ።»

ሐጂ ማህፉዝ ወደ ድንጋዩ ሄደው ተቀመጡ። ያ ወረቀት መንገዷን እንዳረዘመባት ማወቋን አያውቁም ነበር።

«ሰባተኛው መቼ ይደርሳል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁሉም ከሰመረ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ምናለ ትንሽ ብትዋሺልኝ?»

«ዋሽቶ ያስፈረመ ሰው ለሁለተኛው ምዕራፍ የሚያምነው አያገኝም፣ አጎቴ። አንድ እውነት ግን ልጨምርልዎ። የመጀመሪያው መስመር ሥራ በጀመረ ዕለት በማህዲያ መንገድ የሚመላለሱት አርባ አውቶቡሶች ይለቀቃሉ፤ አሥራ ሁለቱ ለጋብስ መንገድ ተጽፈዋል። ከግንቡ በር ሆስፒታል ደግሞ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ተነሥታ ለእጥበት የምትሄድ ሴት ሁለት ሰዓት ከሩቧ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይወርዳል። ሐዲዱ ሳይደርሰን ጥቅሙ ይደርሰናል።»

«አሁንም ከዚህ የሚሄዱ አሉ?»

«ከኪሎ አምስት እስከ ኪሎ አሥር አሥራ አንድ ሰዎች አሉ።»

ሉብና አቃፊውን ከፍታ ብዕር ዘረጋችላቸው። ሐጂ ብዕሩን አልተቀበሏትም።

«እዚህ አልፈርምም።»

«አጎቴ፣ ሐሙስ እኮ—»

«አትቸኩይ። ያኛውን የፈረምኩት በመስጊዱ ደጅ፣ ሰው እያጨበጨበልኝ ነው። ይኼንንም እዚያው ነው የምፈርመው። ነገ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነዪ። አሮጌው ወረቀት መዝገብ ቤት ይኖራል፤ እሱንም ይዘሽ ነዪ። ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ይሰድቡዎታል። የጋብስን መንገድ ለማህዲያ ሸጠ ይሉዎታል።»

«ይበሉኝ። መብሩካ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ከእሱ የሚከብድ ስድብ አያመጡም።» በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሡ። «እስከዚያ የስማችንን ቦታ ባዶ አትተዪው። ሰባተኛ ብለሽ ጻፊ። ባቡሩ ባይኖረን እንኳ ተራ ይኑረን።»