ስም የገባበት ወረቀት

(ረፋድ ላይ፣ በእትዬ በላይነሽ ትንሽ ማተሚያ ቤት፤ የሰፈሩ ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ታፈረ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይነጫነጫል፤ እሷ እሱ ያመጣውን ጽሑፍ የሞተ አይጥ ይመስል በጣቶቿ ጫፍ ይዛዋለች።)

ታፈረ፦ ሁለት ሺህ ቅጂ ነው ያልኩዎት፤ ከትናንት ጀምሮ እኮ ያመላልሱኛል!

በላይነሽ፦ አንብቤው መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ?

ታፈረ፦ የጽዳት ዘመቻ ጥሪ ነው እትዬ።

በላይነሽ፦ ጽዳት? ምን ይዘን እንውጣ፣ መጥረጊያ ወይስ ገጀራ?

ታፈረ፦ አባባል ነው። ሕዝቡን የሚያነቃው እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው።

በላይነሽ፦ «የማዶ አረም ቅዳሜ ከሥሩ ይነቀል፤ ቡቃያውም እንዳይረሳ።» ቡቃያ ያልከው ማንን ነው?

ታፈረ፦ ያው... የወንዝ ማዶውን ሰው በጅምላ ነው።

በላይነሽ፦ ልጆቹን ነው! እጅህ እንዴት እሺ ብሎ ጻፈው? እናትህ ይህን ሳታይ መሞቷ በጃት።

ታፈረ፦ እናቴን አያንሱብኝ። «ግደሉ» የሚል ቃል ካለበት ያሳዩኝ።

በላይነሽ፦ የለበትም። እሱ ነው የሚያስጠላኝ፤ ደሙን አጥበህ ነው ያመጣኸው።

ታፈረ፦ ያትማሉ አያትሙም?

በላይነሽ፦ የቤቴን ደንብ ታውቀዋለህ። የሙከራ ቅጂ ይወጣል፣ ባለቤቱ አንብቦ ይፈርማል፣ ከዚያ ማሽኑ ይነሳል። የሠርግ ካርድህም እንደዚሁ ነው የታተመው። እንካ፤ ጮክ ብለህ አንብበው።

ታፈረ፦ «ሲስተር ምንትዋብ ቅዳሜ...» ምንድን ነው ይሄ?

በላይነሽ፦ ቀጥል።

ታፈረ፦ «...ከሥሯ ትነቀል፤ ልጆቿ ቢኒያምና ሶስናም እንዳይረሱ።» እትዬ! እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም!

በላይነሽ፦ ጽፈሃል እንጂ። አረምና ቡቃያ ባልክበት ስም አስገባሁ፤ ሌላውን አልነካሁም።

ታፈረ፦ እሷን ማለታችን አይደለም! ሚስቴ በምጥ ልትሞት ስትል ያተረፈቻት እሷ ናት እኮ!

በላይነሽ፦ የማዶ ሰው አይደለችም?

ታፈረ፦ ናት... ግን...

በላይነሽ፦ ግን የለውም። ፈርም።

ታፈረ፦ አልፈርምም! ይቅደዱት። ሌላ ቅጂ አለ?

በላይነሽ፦ አንድ ነበረ።

ታፈረ፦ የት አለ?

በላይነሽ፦ ጠዋት ጤና ጣቢያ ድረስ ሄጄ ለራሷ ሰጠኋት፤ ልጆቿን ይዛ እንድትሸሽ።

ታፈረ፦ አነበበችው? ምን አለች?

በላይነሽ፦ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ «የታፈረ ልጅ ዛሬ ክትባት አለባት፤ እሷን ሳልከትብ አልሄድም» አለችኝ። እየጠበቀችህ ነው።