የሐጅ ሸድሊ ቁልፍና የኸሚስ መዘውር

ሦስት ዓመት ዝናብ አልጣለም። በመጀመሪያው ዓመት የጉድጓዶቹ ውሃ አራት ክንድ ወረደ። በሁለተኛው ዘጠኝ። በሦስተኛው ሰው መለካቱን ተወ። የወይራው ቅጠል ተጠቀለለ፤ ፍሬው ሳይበስል ረገፈ። በግ ያለው በጉን ሸጠ። የሚሸጥ ያጣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያይ ነበር።

እኔ ቡበከር እባላለሁ። በስፋክስ ከተማ፣ በሐጅ ሸድሊ የብረት ማቅለጫ የዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። የተማርሁት ስድስት ዓመት ነው፤ የቀረውን ሠላሳ አራት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ። የምንሠራው የውሃ ፓምፕ ነው። የፓምፕ ልቡ መዘውሩ ነው፤ ክንፎች ያሉት ክብ ብረት ነው፣ እየተሽከረከረ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። በዚያ በሦስተኛው ዓመት መዘውሮቻችን ከየጉድጓዱ ይመለሱ ጀመር። የክንፎቻቸው ጫፍ ብል የበላው ጨርቅ መስሎ ነበር። ሐጅ ብረቱን አወፈሩት። ወፍራሙም ተበላ።

የወይራ ገበሬዎች ማኅበር መልእክተኛ ላከብን። "የሙከራ ጉድጓድ አንድ እንሰጣችኋለን፤ ጊዜው ሃያ ቀን ነው። የማይበላ መዘውር ካላስገባችሁበት ለአሥራ አንዱም ጉድጓድ ከባሕር ማዶ እናዛለን" አለ። ከማኅበሩ ሌላ ገዢ አልቀረንም። በማቅለጫው አሥራ አራት ሰዎች እንጀራ እንበላ ነበር።

በማግስቱ ሐጅና እኔ የተበላ መዘውር ይዘን ከገጠር በሕዝብ ታክሲ ስንመለስ፣ አንዲት ወጣት አጠገባችን ተቀመጠች። ብረቱን አየችው፤ ጣቷንም በጫፉ ላይ አሳለፈች።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ምን በላው ይላሉ?"

"አሸዋ ነዋ" አሉ ሐጅ።

"አሸዋ ቢሆን ሞርዶ ያለሰልሰው ነበር። ይኸ ግን ተቦርቡሯል። የበላው ውሃው ራሱ ነው።"

"ውሃ ብረት በላ? በየትኛው ጥርሱ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ሳቀችና ቀጠለች። "ጉድጓዱ ሲወርድ ፓምፑ ውሃውን አጥብቆ ይስበዋል። ከመጠን በላይ የተሳበ ውሃ ያለ እሳት ይፈላል። አረፋው ክንፉ ላይ ሲፈነዳ እንደ ትንሽ መዶሻ ይመታል። ቀንና ሌሊት የሚመታ መዶሻ የማይበላው ብረት የለም።"

ሐጅ አተኩረው አዩዋት። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የኸሚስ አናጺው። ዶርሳፍ እባላለሁ።"

ሐጅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ፊታቸውን ያዞሩበትን ምክንያት እኔ አውቃለሁ። ኸሚስ የእንጨት አምሳያ ጠራቢያችን ነበር፤ ብረቱ የሚፈስበት የአሸዋ ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ አምሳያ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ክንፉ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ አዲስ አምሳያ ጠርቦ አመጣ። "አንድ ጊዜ ብቻ ይቅለጥና ይታይ" ብሎ ለመነ። ሐጅ ግን ማቅለጫው የሚሠራበትን የአባታቸውን ቅርጽ የነካባቸው መስሏቸው በሠራተኛው ሁሉ ፊት "ያንተ ቅርጽ ከአባቴ በልጦ የተገኘ ቀን፣ መዘውሩን በትከሻዬ ተሸክሜ ደጅህ ድረስ አመጣልሃለሁ" አሉት። አምሳያውን አምሳያ ቤት አስገብተው ቆለፉበት። ኸሚስ መሮውን ሰብስቦ ወጣ፤ አልተመለሰም። እኔ አምሳያውን አይቼ ትክክል መስሎኝ ነበር። አልተናገርሁም።

የቁልፉን ነገር ልንገራችሁ። በማቅለጫው ውስጥ አሥራ ሦስት መቆለፊያ አለ። የአሥራ ሦስቱም ቁልፍ በሐጅ ወገብ ላይ ነው። መዶሻ የፈለገ ሐጅን ይጠራል። የዕቃ ቤት ጠባቂው እኔ እንኳ ዕቃ ቤቱን የምጠብቀው ከውጭ ነበር። የአባታቸው ልማድ ነው፤ ቤት የሚጠበቀው በአንድ እጅ ሲያዝ ነው ይሉ ነበር።

ከታክሲው ማግስት ጧት ሐጅ "ያቺን ልጅ ጥራት" አሉኝ።

ዶርሳፍ መጣች። ምህንድስና ተምራ ሥራ ያጣች ነበረች። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በጋሪ አስጭና አመጣች።

"ውሃው በመዘውሩ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ብረት ሳናቀልጥ አስልቶ የሚያሳይ ፕሮግራም እጭናለሁ" አለች። "መጀመሪያ ሊኑክስን እጭናለሁ፤ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ ደኅና ይሠራል።"

"ዋጋው ስንት ነው?" አሉ ሐጅ።

"ሁለቱም በነፃ ናቸው።"

"እንግዲያው አይረቡም። በነፃ የሚሰጥ ነገር የተጣለ ነው።"

"የሚሸጥም አለ፣ ሐጅ። ያንን እንግዛ ካሉ የዓመት ኪራዩ ማቅለጫውን ከነጭሱ ያሸጥዎታል።" ቀጥላም "እናትዎ ከደጃችሁ የሰቢል ማሰሮ ያኖሩ ነበር ይባላል። ውሃው ስንት ነበር?" አለች።

"የሰቢል ውሃ ይሸጣል እንዴ? መንገደኛ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል።"

"ነፃ ስለሆነ ቆሻሻ ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው? የኛን ማሰሮ ሳታጥብ የሰቢሉን ታጥብ ነበር።"

"ይህንንም እንደዚያ ያኖሩት ሰዎች ናቸው። በየአገሩ ያሉ፣ የማያውቁን። ጠጥተን እንመርቃቸው።"

"እስቲ ሥሪው" አሉ ሐጅ።

ሊኑክሱ በሰላም ገባ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ግን ወዲያው ወደቀ፤ ስክሪኑ በነጭ ጽሑፍ ሞላ።

"ተበላሸ" አሉ ሐጅ፤ ገመዱን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ።

"አይንቀሉት፣ እየነገረን ነው። አንድ አጋዥ ፋይል ጎድሎኛል፣ ስሙም ይህ ነው ይላል።"

"ጉድለቱን ራሱ ይናገራል?"

"እስከ መጨረሻው መስመር ላነበበለት ይናገራል።"

"ከኔ ሠራተኞች ይሻላል። እነሱ ሰብረው ነው የሚደብቁት።"

"ቢናገሩስ ይሰሟቸዋል?" አለች፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። በሩ ላይ የቆመው ቅርጽ አውጪ ሳል ያዘው።

የጎደለውን ፋይል ስም በኢንተርኔት ፈለገችው። አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት ያንኑ ጠይቆ ነበር፤ ሌላ ሰው ከሌላ አገር ሆኖ ደረጃ በደረጃ መልሶለታል። እንዳለው አደረገች፤ ሠራ። እኔ ያን መልስ የጻፈውን ሰው ስሙን አላውቅም። ለማያውቀው ሰው ችግር አንድ ሰዓቱን የሰጠ ሰው እናቱ ትባረክ እላለሁ። ዶርሳፍ ያደረገችውን ሁሉ በደብተር ጻፈች፤ ሥዕሎቿንም ማታ ማታ በፍላሽ ወደ ቤቷ ትወስድ ነበር።

ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሊኑክስ ውስጥ አንድ አስተዳዳሪ አለ፤ ሁሉን መክፈት፣ ሁሉን ማጥፋት ይችላል። ሌሎቹ ተራ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ የራሳቸውን ብቻ ይነካሉ።

"አስተዳዳሪው እኔ ነኝ" አሉ ሐጅ። "ሁሉም ሥራ በኔ ስም ይሂድ። ተራ ስም አልፈልግም።"

"ሐጅ፣ አስተዳዳሪው የሚያስፈልገው ለመጫንና ለመጠገን ነው። የዕለት ሥራ በተራ ስም ነው የሚሠራው።"

"በገዛ ቤቴ ተራ ልሁን?"

ለሽምግልናቸው ብላ እሺ አለች። የይለፍ ቃሉን ሐጅ በአንድ ጣት ጻፉ፤ እኛ ፊታችንን አዞርን። ነገር ግን ስሌቱ በጀመረ ጊዜ ፕሮግራሙ እንቢ አለ። ዶርሳፍ አነበበችላቸው፦ በአስተዳዳሪ ስም አልሠራም፣ አንድ ስሕተት ቤቱን በሙሉ ያጠፋል፣ በተራ ስም ግቡ ይላል።

"ጌታውን አልታዘዝም አለ?"

"ጌታውን ከራሱ እጅ እየጠበቀው ነው።"

"ማስገደጃ የለውም?"

መዋሸት አላወቀችም። "አለው። የሠሩት ሰዎች ግን አታድርጉ ይላሉ።"

"አስገድጂው።"

አስገደደችው። ሠራም፤ ከትንንሽ የሙከራ ስሌት ጀምራ ትፈትነው ጀመር። ለስምንት ቀን ሐጅ ደስ ብሏቸው በማቅለጫው ውስጥ ተንጎራደዱ። ቁልፎቹም ወገባቸው ላይ ይንኳኩ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ዶርሳፍ ለምሳ እንደወጣች፣ ማሽኑ ቦታ ሞላብኝ አለ። ስሌቱ የሚያወጣው ፋይል ብዙ ነው። ሐጅ ልጅቷ የድሮ ውጤት ስትጠርግ አይተዋት ነበርና ያንኑ ትእዛዝ ጻፉ። እሷ ሁልጊዜ በየትኛው ክፍል ውስጥ እንደቆመች አይታ ነበር የምታዘው። ሐጅ አላዩም፤ የቆሙት በቤቱ ዋና በር ላይ ነበር። አስተዳዳሪ ናቸውና ማሽኑ ምንም አልጠየቃቸውም። ጠረገ። ሥራውን ጠረገ፣ ፕሮግራሙን ጠረገ፣ በመጨረሻም ራሱን ጠረገ።

ዶርሳፍ ስትመለስ ስክሪኑ ጨልሞ ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ መሬት መሬት ያያል።

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጅ።

በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዶርሳፍ ተቀመጠች። "በተራ ስም ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኑ ይህ ያንተ አይደለም ብሎ ይከለክልዎ ነበር" አለች።

"ጌታ ስሆን ግን የሚከለክለኝ የለም።"

"የለም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ቡበከር፣ ከልክለኸኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ሐጅ። ሊከለክልዎ የሞከረ ሰው ግን አይቻለሁ። አምሳያው አሁንም እዚያ ውስጥ ነው። እኔም ያን ጊዜ ትክክል መስሎኝ ዝም ብያለሁ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።"

ሐጅ ቀበቷቸውን ፈቱ። አንዱን ቁልፍ ይለያሉ ስንል ዘለላውን በሙሉ አውጥተው ሰጡኝ። "ክፈተው። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ የሥራ ክፍሉን ቁልፍ ይያዝ" አሉ። ቀጥለው ለዶርሳፍ "ለኔም ተራ ስም ስጪኝ" አሏት።

ስድስት ቀን ቀርቶን ነበር። ደብተሩ ምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ አየን። ፊት ሦስት ቀን የፈጀው ጭነት፣ የተጻፈውን እየተከተለች ስትጭነው፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሳይደርስ አለቀ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ ሳጥን ውስጥ ገባ። የኸሚስን አምሳያ ከነአቧራው አወጣሁት። ልጅቷ መጀመሪያ አልለካችውም፤ የአባቷን የመሮ አሻራ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ለካችው፤ ሁለቱንም ቅርጽ ለማሽኑ ሰጠች።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። በሐጅ አባት ቅርጽ ላይ፣ ውሃው የሚፈላበት ቦታ በክንፉ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ሐጅ የተበላውን መዘውር አንሥተው ከስክሪኑ ጎን ያዙት። ሰማያዊው ባለበት ብረቱ ተበልቷል። አንድ ጣት እንኳ አልሳተም። በኸሚስ ቅርጽ ላይ ሰማያዊው አልነበረም ማለት ይቻላል።

"ሳያቀልጥ አወቀው" አሉ ሐጅ። "ስንት ብረት በከንቱ አፈሰስሁ።"

"ማሽኑ አሁን አወቀው" አለች ዶርሳፍ። "አባቴ ያወቀው በእጁ ነው። ያጣው የሚያሳይበት ነገር ነው።"

በሃያኛው ቀን መዘውሩ ጉድጓድ ገባ። አርባ ቀን ዞረ። ሲወጣ የሞረዱ ምልክት እንኳ ከጫፉ አልጠፋም ነበር። ማኅበሩ ለአሥራ አንዱም ጉድጓድ አዘዘን። ወይራው በዚያ ዓመት ብዙ አላፈራም፤ ግን አልደረቀም።

ዛሬ በማቅለጫችን ብረት ከመፍሰሱ በፊት ስሌቱ ይታያል። ነዳጅ ተርፏል፤ የተበላሸ ቅርጽ ቀንሷል። የሰበረ ሰው ሰበርሁ ይላል፤ ስሕተቱም በምስማር ላይ በተሰቀለው ደብተር ይጻፋል፣ ሌላው እንዳይደግመው። ዶርሳፍም የተቸገርንበትንና ያዳነንን ሁሉ በዐረብኛ ጽፋ ኢንተርኔት ላይ አኖረችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት "አጎቴ፣ ከማሰሮው ጠጥተናል፤ መልሰን እንሙላው እንጂ" አለችኝ።

የቀረው የሐጅ ቃል ነበር። ከጉድጓዱ የወጣውን የመጀመሪያውን መዘውር አጠቡ፤ ጋሪ ባቀርብላቸው እንቢ አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ብረቱም ቀላል አይደለም። በትከሻቸው ተሸክመው በገበያው መሐል አለፉ። ባለ ሱቁ "ሐጅ፣ በቅሎዎ የት ሄደች?" ቢላቸው፣ "ዛሬ በቅሎው እኔ ነኝ" አሉት።

ኸሚስ ዓይኑ ደክሟል። ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐጅ መዘውሩን ከጉልበቱ ሥር አኖሩለት።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘገየሁብህ፣ ኸሚስ። ሁሉም እየሰማ አዋርጄህ ነበርና ሁሉም እያየ ይዤው መጣሁ።"

ኸሚስ እያንዳንዱን ክንፍ በጣቱ ቆጠረ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። "የኔው ነው" አለ። "ግን ጥቂት አወፈራችሁት።"

"እሱን ለልጅህ ንገራት። እኔ እዚያ ተራ ሠራተኛ ነኝ።"

ኸሚስ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ትንሽ አዳመጠ። "ምነው፣ ሐጅ" አለ፣ "ሲመጡ ቁልፉ ሲንኳኳ አልሰማሁም?"

"ለባለቤቶቹ ሰጠሁት።"

"እንግዲያው ግቡ" አለ ኸሚስ፤ ለሐጅ እጁን ዘረጋላቸው። "ዳቦና የወይራ ዘይት አለ።"