ጥሬውን አምጡ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። በሰው አገር፣ ከኢምባካሲ ሰፈር በተሳፈርኩበት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በአማርኛ ያወሩ ነበር።

«ታዲያ አባቷን ‹ልጅዎን ይስጡኝ› አልካቸው?»

«የት አፌ ተከፍቶ። የዚያ በቴሌቪዥን የሚታየው ፈረንጅ ሼፍ ስቴክ ቤት ወስጄ ጋበዝኳቸው። ሥጋው ሲመጣ፣ ‹ይሄማ በስሏል፤ ጥሬውን አምጡ› አሉ።»

«ጉድህ ፈላ።»

«ሼፉ ራሱ ጥሬውን ይዞ መጣ። ማን እንዳዘዘ ሊያይ ነው።»

«ተቆጣ?»

«ምን ይቆጣል። ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ አዋዜ አውጥተው፣ አጥቅሰው አጎረሱት።»

«ፈረንጁ በላ?»

«ደገመ እንጂ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩና፣ ‹የመጣህበትን አውቃለሁ፤ ልጄን ሰጥቼሃለሁ፣ አሁን ጉረስ› አሉኝ።»

ሳቄን ባፍንም ትከሻዬ እየተርገፈገፈ አስቸገረኝ። ሙሽራው ሊወርድ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ አለ፦

«እህቴ፣ ትከሻሽ አማርኛ ይሰማል። ከሠርጉ እንዳትቀሪ።»