የልጄን ስም ያዋስኩት ወታደር

«ስሙ ማን ነበር ትይኛለሽ ደግሞ! አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ስም ስትጠሪ ነው የምትውዪው። በኛ ጊዜ እኮ፣ ልጄ፣ የቆሰለ ሰው ደጅ ሲመጣ ውሃ ይሰጡታል እንጂ ስም አይጠይቁትም። እና እኔም አልጠየቅኩትም። ሰቆጣ በታጣቂ እጅ ስትገባ ነው የምልሽ፣ እዚሁ፣ አንቺ የተከራየሽው ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን አስተኛሁት። ወታደር ነው፣ ጭኑን ጥይት በስቶታል።

ታዲያ አማርኛው! እንደ ራዲዮ ነው የሚናገረው። ‹እማማ፣ እባክዎ ውሃ ቢሰጡኝ?› ይለኛል። የኔ አማርኛ እንደ እናቴ ቋንቋ ኽምጥኛ ኽምጥኛ ይላል፣ ትስቂብኝ የለ? እና በልቤ ‹ምን ዓይነቱን የአዲስ አበባ ቅምጥል ነው እግዜር የላከብኝ› እላለሁ። አንድ ቀን ‹እናት አለህ?› አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተውኩት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ታጣቂዎቹ ለፍተሻ ገቡ። ሦስት ናቸው። አለቃቸው ‹ይሄ ማነው?› አለኝ።

‹ልጄ ነው። ሲሳይ።›

ሲሳይ እኮ ያኔ ዐረብ አገር ነው! ስሙን አዋስኩት፣ ምን ላርግ?

‹እግሩስ?›

‹ከገደል ወድቆ።›

‹ከገደል!› አለና ሳቀ። ‹እሺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ከሆነ በኽምጥኛችሁ ያናግርሽ። አንተ፣ በል!› ከመካከላቸው አንዱ ቋንቋውን ይሰማል፣ ጠጋ አለ።

ታዲያ አለቀለት አልኩ፣ እኔም አለቀልኝ። ይሄ የራዲዮ ሰውዬ ከየት አምጥቶ ይናገራል? እና ቀና አለ። ቀና አለና ምን ቢል ጥሩ ነው? ጥርት ባለ ኽምጥኛ፣ እዚሁ ከኛ አጠገብ ባለችው በዝቋላ ሰው አነጋገር፣ ያውም እየተቆጣ! ‹እማ! ፍየሎቹ ውሃ ሳይጠጡ ዋሉ እኮ! እኔ ተሰብሬ ተኝቼ፣ አንቺ ወሬ ይዘሻል?›

ያ ቋንቋ የሚሰማው በሳቅ ፈረሰ። ‹ልጇ ነው፣ እንሂድ› አለ። ሄዱ።

እኔ አልሳቅኩም። ‹የማን ልጅ ነህ አንተ? የዝቋላ ማን?› አልኩት በቋንቋችን። ያን ጊዜስ ጠየቅኩ፣ አልዋሽሽም።

‹ነግረሻቸዋል እኮ፣ እማ። ያንቺ።›

ይሄን ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

‹ወዴት ነው?›

‹ጓዶቼ ተራራው ላይ ናቸው።›

‹ቁስልህ አልጠገገም! በዚህ እግርህ ዳገት ወጥተህ ትሞታለህ እኮ!›

‹ታጣቂዎቹ ተመልሰው ቢመጡ ካንቺ ነው የሚጀምሩት። እዚያም ሰው ጎድሏል።›

ለመንኩት። አልቅሼ ለመንኩት። ጉልበቴን ሳመና ተነሳ። እና ዛሬ፣ ልጄ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሁለት ወንዶች አሉኝ እላለሁ፤ አንዱን አምጬ፣ አንዱን ዋሽቼ የወለድኳቸው።»

«እና ዝም ብለው ሸኙት፣ እማማ?»

«ዝም? እኔ? እንባዬን ጠርጌ ‹በርታ፣ የኔ ጀግና!› ነው ያልኩት። ወጣ። በሩንም ከውጭ ሳብ አድርጎ ዘጋው።»