የገፊሩ ልጅ ወታደር ልትሆን ነው

ጠዋት የምሸጠውን ለውዝ ተሸክሜ፣ እዚሁ ካርቱም ውስጥ ከሰፈሬ ከጀሪፍ ወደ አርካዊት ስሄድ ሙሄዲንን ከሚጠብቀው ፎቅ በር ላይ አገኘሁት። ገፊር ነው፤ እዚህ አገር ጥበቃን እንዲያ ይሉታል። ፎቁ እስካሁን አላለቀም፤ ሙሄዲን ግን እሱን ሲጠብቅ አልቋል።

«እትዬ ፋጤ፣ አላህ ነው የላከሽ» አለኝ። «ልጄ ሐምዲያ አብዳለች። አገር ቤት ገብቼ ወታደር እሆናለሁ ትላለች። አውቶቡሱ ዓርብ ይነሳል። ያንቺን ምላስ እንደሁ ጀሪፍ ሁሉ ያውቀዋል፤ እስቲ ልክ አግቢልኝ።»

ምላሴን ሲያሞግሱልኝ እምቢ አልልም። ቅርጫቴን አውርጄ ገባሁ። ሐምዲያ አባትና ልጅ ከሚያድሩባት ምድር ቤት ልብስ ታጥፋለች።

«አንቺ፣ ከማን ተጣልተሽ ነው ጠመንጃ ያማረሽ?» አልኳት።

«ከማንም አልተጣላሁ፣ እማ ፋጤ። ነርስ መሆን ነው የምፈልገው። አሥራ ሁለተኛን እዚህ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስተምረኝ የለም። ሠራዊቱ ግን የሚችለውን ሰው ያስተምራል። ሬሕማም እንዲሁ ነው የሄደችው።»

ሬሕማ የአጎቷ ልጅ ናት። ድመት ስታይ አልጋ ላይ የምትወጣ ፈሪ ነበረች፤ ዛሬ የጦሩን ከባድ መኪና ትነዳለች።

«ባትሄጅስ?»

«አባባ ካርቱም ሁለት ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሥራ አግኝቶልኛል። ሰው ቤት፣ አዳሪ።»

የካርቱም ሁለትን ማድ ቤት አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴን የተውኩት እዚያ ነው። አላፍርበትም፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ነገር ግን የታመምኩ ቀን «ያላ፣ ወደ ቤትሽ» ተባልኩ እንጂ ጡረታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁም። በሩ ላይ ወደቆመው ሙሄዲን ዞርኩ።

ፊቴ አላማረውም መሰለኝ፣ ቀደመኝ። «ጠመንጃ የያዘች ሴት ማን ያገባታል?»

«የሚያገባት አይመታትም፤ ይቺ ብቻ አትበቃህም?»

«ብትሞትብኝስ?»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔም ቀልዴን ተውኩ።

«አያ ሙሄዲን፣ ወታደር አይሞትም ብዬ አልዋሽህም። ያለችህ አንድ ልጅ ናት፤ ብትፈራ እውነትህን ነው። ግን አንተ ራስህ ምንድን ነህ? ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር፣ ዱላ የያዘ ወታደር ነህ፤ ያውም ማዕረግ የሌለው። ወባ ሲጥልህ ማን አሳከመህ? ፎቁ ያለቀ ዕለት ባለቤቱ የሚሸልምህ ይመስልሃል? ያስወጣሃል እንጂ።»

ሙሄዲን ዱላውን አየ። «ገፊርነትም ሥራ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሥራማ ነው። ልጅህን አሳድጎልሃል። እንድትወርሰው ነው የምትፈልገው?»

ሐምዲያ ከኋላዬ ወጣች። «አባባ፣ ካልመረቅከኝ አልሄድም። ካርቱም ሁለት እገባለሁ» አለች።

አሻፈረኝ ብላ ብትሄድ ተቆጥቶ ይገላገል ነበር። እሺ ያለችን ልጅ ግን ምን ይሏታል? ዱላውን ከግድግዳው አስደገፈ። ኋላ እጆቹን ዘረጋ።

«ነይ እስቲ። አላህ ይጠብቅሽ። የታመመ የምታድኚ ያድርግሽ። ክፉ ከማየትም ክፉ ከመሥራትም ይሰውርሽ።»

ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ «አሚን»ን ጮክ አድርጌ አልኩት። ዓርብም ሄደች።

ከወራት በኋላ ሃፍላ የሚሉት የከተማ አውቶቡስ ከሚቆምበት ለውዜን ስሸጥ፣ ሙሄዲን ጎረቤታችንን ሳሊህን ይዞ ሲመክር ሰማሁት።

«ስማ ሳሊህ፣ ልጅህ ሠራዊት ቢገባ ልብሱም ምግቡም ሕክምናውም ከዚያው ነው። ደሞዙን ለእናቱ ይልካል። ሙያ ይማራል፤ የወጣ ቀን ሙያው አብሮት ይወጣል። ሲያረጅ ጡረታ አለው። ደግሞ በጊዜ መነሳት ይለምዳል፤ ያንተ ልጅ እንደሁ የጠዋት ፀሐይ አይቶ አያውቅም። የእኔዋ ይኸው የነርስነቱን ትምህርት ጀመረች።»

«አትፈራም?» አለው ሳሊህ።

«እፈራለሁ እንጂ። በየሶላቱ ስሟን እጠራለሁ። ግን ስትደውል ብትሰማት፣ ቀና ብላ ቆማ እንደምታወራ በስልክ ያስታውቃል።»

ከእኔ የሰማውንም ያልሰማውንም ቀላቅሎ የራሱ አድርጎታል፤ እዚያው ተቀምጬ እያየኝ እንኳ አላፈረም። አልተቀየምኩትም። ሰው የሚሰርቀው የረባ ምክር ነው።

ሳሊህ ጥቂት አሰበና ልጁን ሊቀሰቅስ ወደ ቤቱ ሄደ።