ድንግዝግዝ የሚባለው ባንድና ያ ጎበዝ ልጃችን

ነይ ልጄ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በይ። ሻዩ ላይ ቅርንፉድ ጨምሩበት ብያለሁ፤ የመንገድ ድካም ያወጣል። ከባህር ዳር በሰላም ገባሽ? እሰይ። መንገዱ ክፍት ሆኖ መዋሉ ራሱ ዘንድሮ እንደ ዓመት በዓል ነው። በርበሬ የምትገዥ ከሆነ ደግሞ ከእኛ ከፍኖተ ሰላም አትግዥ፤ ቡሬ ድረስ ዝለቂ፣ እዚያ ቀለሙም ማቃጠሉም ይሻላል። ማቃጠል እንኳ እዚህም አይጠፋም...

ያን ጥግ ላይ ያለውን እንግዳ አትይው። የአዲስ አበባ መኪና ነው የሚጠብቅ። በዚህ ፀሐይ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር መነጽር... ዓይኑን ያመው ይሆናል። ሰው ፊት ማየት የሚከብደው ሰውም አለ አይደል? እኔ ስለ እሱ አንድ ቃል አላወራም። ድምፄ ግን ትንሽ ይጮሃል። ድንኳንና ስፒከር ሳከራይ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ቀስ ብሎ ማውራት ከየት ልማር? ከሰማም ይስማ፣ ጨዋታ ነው።

በይ መቅረጫሽን አስጠጊው። ሜላት ነው ያልሽኝ ስምሽን? እሽ ሜላትዬ። ድንግዝግዝ የሚባለውን ባንድ ለሬዲዮ አድማጮችሽ ልታስተዋውቂ ከሆነ የመጣሽው፣ ቤቱን አልሳትሽም። የመጀመሪያውን ስፒከር ያከራየኋቸው እኔ ታንጉት ነኝ።

ሦስት ነበሩ። ዳኘው የደጋ ዳሞት፣ የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ከበሮውን ደግሞ በላፕቶፕ ያስመታዋል። አስካለ ማርያም የቡሬ ልጅ ናት፣ የቅኔ መምህሩ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ልጅ። ግጥሙ የእሷ፣ ዜማው የእሷ፣ ድምፁ የእሷ። ሦስተኛው... ሦስተኛው ጎበዝ ልጅ ነው። ስሙን ልተወው፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የትልቅ ሰው ስም እንደ ዋዛ አይጠራም። ጊታር ይዞ ይቆም ነበር። አቋቋሙንማ ምን ልንገርሽ፣ ጊታር ይዞ እንደ እሱ የሚያምርበት ሰው ከደጀን እስከ ዳንግላ አላየሁም። ይጫወት ነበር ወይ? ልጄ፣ እኔ ስለ አቋቋሙ ነው ያወራሁሽ።

ሙዚቃቸውን ዳርክዌቭ ይሉታል። ምንድን ነው እሱ ብዬ ዳኘውን ብጠይቀው፣ «እትዬ ታንጉት፣ ሐዘንን በማሽን ከበሮ ማስጨፈር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከበሮው እንደ ወፍጮ ሳይደክም ይመታል፤ ኪቦርዱ እንደ ሐምሌ ጉም ቀስ እያለ ቤቱን ይሞላዋል፤ አስካለ ማርያም ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ሰው እንደምትጣራ፣ ሳትጮህ ትዘፍናለች። ማልቀስ ያምርሻል፣ እግርሽ ግን እምቢ ብሎ ይጨፍራል።

የመጀመሪያ ሥራቸው ፈረስ ቤት ነበር፣ የዳኘው የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ። ድንኳኑም ስፒከሩም የእኔ ስለሆነ አብሬ ሄድኩ። «የሐምሌ ጀንበር» የሚለውን ዘፈናቸውን ሲጀምሩት ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባልቴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቁ። የሙሽራው አባት ጎንበስ ብሎ መጣና ጆሮዬ ላይ፣ «ማን ነው ያረፈው? ሙሽሮቹ ሳይሰሙ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። እኔ ሳቄን ሳልውጥ ሙሽራዋ ተነሳች። ቬሏን ጠቅልላ ለሚዜዋ ሰጥታ መሀል ገብታ መወዛወዝ ጀመረች፤ ከዚያ ወጣቱ ሁሉ ተከተላት። እስከ ዛሬ ያ ሰርግ በፈረስ ቤት ይወራል።

ያ ጎበዝ ልጃችን በዚያ ቀን ጊታሩን ሳይሰካው ነው ሲመታ የዋለው። ገመዱ መሬት ላይ ተኝቷል። ማንም አላወቀበትም፣ እሱም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ነው፤ ከጥንትም የራሱ ድምፅ እንዲሰማለት አይፈልግም።

ከዚያ ዘፈኖቹን እየቀረጹ ኢንተርኔት ላይ ጫኑ። አገሩ ብዙም አልሰማቸው። ባሕር ማዶ ግን፣ ፖላንድ ነው ሜክሲኮ ነው፣ ጥቁር የሚለብሱ ልጆች አገኟቸው። ብዙ አይደሉም፤ ያሉት ግን ነፍሳቸውን ነው የሰጡ። አማርኛ የማይሰማ ልጅ ግጥሟን ክንዱ ላይ ተነቅሶ ፎቶ ላከላት፤ ፊደሉ ተገልብጧል። አስካለ ማርያም ስትስቅ ውላ፣ «ክንዱን ሲያነሳው ይቃናል» አለች።

ቀጥሎ ከጀርመን አገር የሙዚቃ ድግስ ጥሪ መጣ። ጥሪው ለባንዱ ነው። የሚጻጻፈው ግን ያ ጎበዝ ስለነበረ፣ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ተሸከመው። አዛኝ ነዋ። ለዳኘው፣ «የዚያ አገር ብርድ አንተን ይጎዳሃል» አለው። የደጋ ዳሞት ውርጭ ያሳደገውን ልጅ። ለአስካለ ማርያም ደግሞ፣ «አባትሽ የሃይማኖት ሰው ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አላጣላቸውም» አላት። መሪጌታ እኮ ልጃቸው ስትዘፍን፣ «ቅኔው ካልተበላሸ ዜማው የእሷ ነው» ብለው የመረቁ ሰው ናቸው። ምን ይሆናል፣ የሚያስብልሽ ሰው ሲገኝ ዝም ብሎ መታሰብ ነው። ሸኘነው። አስካለ ማርያም የአንገት ልብስ ሠርታ ሰጠችው።

እዚያ ሲደርስ ድምጿን በማሽን እየለቀቀ ጊታሩን ይዞ ቆመላቸው። አቋቋሙን ነግሬሻለሁ። ወደዱት። ግን የሰው ነገር፣ «ድምፁ የታለ? ልጅቷ የታለች?» ማለት አበዙ። መጀመሪያ ታማለች አለ። አሁንም ጠየቁ። ጠያቂ ሲበዛ ሰው ምን ያድርግ? አንድ ቀን ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጠፈና «አረፈች» ብሎ ጻፈ።

እኔ ይህን ሰው ሁሉ ዋሸ ሲለው ይከነክነኛል። ምኑ ላይ ዋሸ? እሱ አገር ለቆ ከሄደ ወዲህ አርፋለች እኮ። እንቅልፏ ተመልሷል፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ከእሱ አረፈች ለማለት ፈልጎ ቃሉ አጥሮት እንደሆነስ?

እዚህ ያኔ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ታስታውሽው የለ? ስልኩ ሁሉ ከጡብ አይሻልም ነበር። ባሕር ማዶ ሻማ ሲበራላት እሷ ቡሬ እናቷን እያገዘች ትኖራለች፤ መሞቷን የነገራት የለም። ወሬው የመጣው በአውቶቡስ ነው። ከአዲስ አበባ የተመለሰ የጅጋ ሰው፣ ያን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ፣ ለአክስቷ ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ አሳያቸው።

እማሆይ ከጅጋ በእግራቸው ተነሱ። ያ አውቶቡስ በገባ ማግስት መንገዱ ተዘግቶ መኪና አልነበረም። እዚህ ደጄ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ደረታቸውን ደቅተው አቁስለውታል። በሩን ተደግፈው፣ «ታንጉት፣ ድንኳን ስጭኝ» አሉኝ። «ለማን እማሆይ?» አልኩ። «ለአስካለ» አሉ።

እኔ ድንኳን አከራይ ነኝ ልጄ። ለስንቱ ቤት ተክያለሁ፣ ለስንቱ ነቅያለሁ። ያን ቀን ግን ካስማውን ስጭን ቁጥሩ እየጠፋኝ ደጋግሜ ቆጠርኩት። ጋሪ ለምኜ፣ እማሆይን ሸራው ላይ አስቀምጬ ወደ ቡሬ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አለቀስን። ለእሷ ያለቀስኩት ለእናቴ ያለቀስኩትን ያህል ነው።

ቡሬ ደርሰን መሪጌታ ደጃፍ ስንቆም፣ ሰውየው ከተማሪዎቻቸው መሀል ተነስተው ሸራውን አዩና፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

«እግዜር ያጥናዎት መሪጌታ» አልኳቸው።

«እሱስ አሜን። ግን በማን ሐዘን ነው የሚያጠናኝ?»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በዚህ መሀል አስካለ ማርያም ከወፍጮ ቤት ስትመጣ አየናት። ዱቄት ተሸክማለች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ፊቷ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ። «እትዬ ታንጉት፣ ድንኳኑ የማን ነው?» አለችኝ። እማሆይ ከጋሪው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ሙታን ሲነሱ ያዩ ነው የመሰላቸው። ውኃ ረጭተን ስናነቃቸው እንኳ ፊቷን በጣታቸው እየዳበሱ ዱቄቱን ይቀምሱ ነበር። ወደ ማታ ላይ ማመን ሲጀምሩ እንደ ልጅ ሳቁ።

እሷ ግን አልሳቀች። ማን እንደገደላት ስንነግራት ዱቄቱን ሳታራግፍ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ኋላም ዱቄቱን አራግፋ ተነሳችና፣ «ድንኳኑን ትከሉት፤ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ አይመለስም። ዳኘውም ይጠራልኝ» አለች።

ዳኘው ከፈረስ ቤት እስኪደርስ ቀኖች ወሰደበት፤ ጠበቅነው። ኪቦርዱን በባትሪ አስነሳው። ጎረቤቱ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ገሚሱ ለለቅሶ፣ ገሚሱ ለደስታ ነው የመጣው፣ መሪጌታም ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። አዲስ ዘፈን ጀመረች፤ ሙሾ ነው፣ የማሽን ከበሮ ያለው ሙሾ። መሪጌታ ሲያልቅ ጠየቋት።

«ልጄ፣ አንች በሕይወት አለሽ። ይኸ ሙሾ ለማን ነው?»

«ለአንድ ጓደኛዬ ነው አባባ» አለች። «ሰው ነበረ።»

መሪጌታም ቅኔ አዋቂ አይደሉ፣ ወርቁን አገኙት መሰለኝ፤ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት።

ኔትወርክ ሲመለስ ዳኘው ያን ዘፈን ከነቪዲዮው ለቀቀው። ያ ጎበዛችን መልሱ አልቸገረውም። «ከመሞቷ በፊት የቀረጽነው ነው፣ ከዕቃዬ መሀል አገኘሁት» አለ። አየሽ ጥንቃቄውን? ሌላው ቢሆን ይጥለው ነበር። ደግሞ እሷ ራሷ ቀርባ «እኔ አለሁ» ብትል፣ «ይህማ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው፣ የሟች ክብር ይጠበቅ» ብሎ ተቆጣ። ለክብሯ እንደ እሱ የተከራከረላት የለም። በመጨረሻ ክንዱን የተነቀሰው ልጅ ከእማሆይ ጋር በቪዲዮ አወራ፤ አስተርጓሚ ዳኘው ነው። እማሆይ እንዴት በእግራቸው እንደመጡ ሲነግሩት አለቀሰ፣ የሰማውንም ለጓደኞቹ አዳረሰው። ከዚያ ወዲያ ያን ጊታር ይዞ የሚቆም ሰው የጠራው የለም አሉ። አጉል ናቸው። አቋቋሙ መቼ ተበላሸ?

ትናንት ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ። አንድ ከውጭ የመጣ ሰው ቡሬ አስካለ ማርያም ቤት ሄደ። ማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ፤ ጥቁር ለብሷል ነው ያሉኝ። «አስኩ፣ ያለፈው አልፏል። ከሞት ተመለሰች ብለን ብንጀምር ዓለም ይነቃነቃል» አላት። እሷም ገባችና በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ወጣች።

«ብላ» አለችው። «ከሩቅ ነው የመጣኸው፤ ለቅሶ ደርሰህ ባዶ ሆድህን አትመለስም።»

ንፍሮ የት እንደሚበላ መቼም ታውቂያለሽ። እሱ ግን በላው። እሷ ፊት ቁጭ ብሎ፣ አንድ በአንድ እየለቀመ። ሲጨርስ እጁን አስታጥባ እስከ በር ሸኘችው። ያለቀሰችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው አሉ እናቷ። ለካ ጨክና አይደለም፤ አብረው ያደጉ ናቸው እኮ። የሠራችለት የአንገት ልብስ አንገቱ ላይ ነበረ።

አሁን ደህና ናቸው፤ ይህን ለአድማጮችሽ ንገሪልኝ። እሷና ዳኘው ቡሬ ይለማመዳሉ፣ ጥሪውም በየስማቸው መጥቷል። ዘፈኖቻቸውን ስታሰሚ «በር ዝጊልኝ» የሚለውን አስቀድሚ፤ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ሙሾውን ለመጨረሻ አቆይው።

ኧ... የአዲስ አበባው መኪና ጥሩምባ ነፋ። እንግዳውም ተነሳ፤ ሻዩን ሳይጨርስ። መንገደኛ ሳልመርቅ አልሸኝም፣ መቼም ምርቃት ማንም ይቀበለዋል፤ ያ ጎበዝ ልጃችንም ያለበት ቦታ ይድረሰው። በይ አብረሽኝ አሜን በይ። እግዜር በሄደበት መንገዱን ያቅናለት። ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ፀጉሩ ይሸብት። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ፣ ለእሷ ሳትሞት ይህ ሁሉ ሕዝብ አልቅሶላት የለ? ለእሱ የሞተ ዕለት የሚያለቅስለት... አንድ ሰው አያሳጣው።